የሰፈራችሁን አሮጌ ዛፍ ንገሩኝ፤ ድሬም ሐረርም

▪ የከዚራ ልጅ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ።

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከአዳማ መጥታ ነበር። ድሬን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ከለገሃር ተነስተን ከዚራን ጥላ ጥላውን ይዘን በእግራችን ስንሄድ አንድ ሾላ ሥር ቆመች። ግንዱን ልታቅፈው ሞከረች። እጇ ግማሹንም አልዞረም። "ይሄ ስንት ዓመቱ ነው?" አለችኝ።

እኔ እዚያው ሰፈር ነው የተወለድኩት። ትምህርት ቤት ስሄድ ስመለስ በሥሩ አልፌያለሁ። ዝናብ ተጠልዬበታለሁ። ብይ ተጫውቼበታለሁ። መልስ ግን አልነበረኝም። አጠገቡ ሻይ የምታፈላዋን እትዬን ጠየቅናት። "እኔ ስመጣም እንዲሁ ነበር" አለችን። ጋሪያቸውን ጥላው ውስጥ አቁመው የሚያርፉትን አባባ ጠየቅናቸው። "ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነበር" አሉ። እሳቸው ሰባን ያለፉ ሰው ናቸው።

ነገሩ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ክረምት በመጣ ቁጥር ችግኝ እንተክላለን። ስንት እንደተተከለ በዜና ይነገራል። ደስ ይላል፤ እኔም በየዓመቱ እወጣለሁ። ግን ቆሞ ያለውን፣ እናቶቻችንን ከነገበያቸው ያስጠለለውን ዛፍ የቆጠረው ሰው አላውቅም። ድሬ ውስጥ ጥላ ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም። ግንቦት ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት አስፋልቱን የተሻገረ ያውቀዋል። እዚህ ከተማ ሰው ቤት ሲያሳይ እንኳ "ከትልቁ ዛፍ ወደ ግራ ታጠፍ" ነው የሚለው።

ትልቅ ሰው ሲሞትብን "ዋርካው ወደቀ" እንላለን። እኔ አሁን ዋርካዎቹ ቆመው ሳሉ ላውቃቸው ፈልጌያለሁ።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። ሰፈራችሁን ጻፉ። የዛፉን ዓይነት ጻፉ፤ በምትጠሩበት ስም ይሁን፣ በኦሮምኛም በሶማሊኛም በሐረሪም። ግንዱን ስንት ሰው ተያይዞ እንደሚያቅፈው ጻፉ። ከሁሉም በላይ የምታውቁትን ታሪክ ጻፉ። ሰብስቤ አንድ መዝገብ አዘጋጃለሁ።

▪ ሮቃ ሥር | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡42

አቦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነው የኖርኩት!

የኔ ሰፈር ስሙ ራሱ ዛፍ ነው። ገንደ ሮቃ። "ገንደ" በኦሮምኛ ሰፈር ማለት ነው። "ሮቃ" ደግሞ ያ ጎምዛዛ ፍሬ ያለው ዛፍ። አማርኛው ሁመር ይለዋል፣ ግን ድሬ ውስጥ ሁመር ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙ ሰው ግራ ይገባዋል። አረቦቹ ተምር ሂንዲ ይሉታል፣ የህንድ ተምር ማለት ነው። ፈረንጆቹም ስሙን ከዚያው ነው የወሰዱት። ዛፉ ግን የአፍሪካ ተወላጅ ነው። ወደ ህንድ የሄደው ከዚህ ወገን ነው፣ በጣም ድሮ።

አያቴ ፍሬውን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋ፣ አሽታ፣ በነጠላ ጨርቅ አጥልላ፣ ስኳር ጨምራ ታጠጣን ነበር። በረመዳን ለማፍጠሪያ ደግሞ ለጎረቤት ሁሉ ትልክ ነበር። ያ ጣዕም እስካሁን ምላሴ ላይ አለ።

እኛ ሰፈር ከተረፉት አንዱ በአንዲት እማማ ግቢ ውስጥ ነው። ሦስት ልጆች ሆነን ተያይዘን አቅፈነው እናውቃለን፣ ግን ልጆች ስለነበርን አሁን ስንት እንደሚሆን እንጃ። የሮቃ ዛፍ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ከ200 ዓመት በላይ የሚኖርም አለ። ከድሬዳዋ ዕድሜ በላይ ማለት ነው።

▪ ሰላም ከመጋላ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡05

የድሬዳዋ ዛፍን እንዳትረሱ! ያንን በግንቦት ከላይ እስከ ታች ቀይ የሚለብሰውን። ሌላ አገር ሰዎች ራሱ "የድሬዳዋ ዛፍ" ነው የሚሉት። በከተማችን ስም የሚጠራ ዛፍ ሲኖር ሌላ ምን ክብር እንፈልጋለን?

ልጅ ሆነን ረጅሙ ፍሬው ሲደርቅ እንደ ሰይፍ ይዘን እንፋለምበት ነበር። ስትነቀንቀው ውስጡ ያለው ዘር ይንኳኳል። እህቴ ደግሞ ለዘፈን ማጀቢያ ትጠቀምበት ነበር። ከግቢያችን ያለውን አባቴ ነው የተከለው፣ እኔ በተወለድኩበት ዓመት። እሱና እኔ እኩያ ነን።

▪ ጥድና ወይራ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6፡20

ሙያዬ ደን ነው። ብዙ ዓመት በሐረርጌ ደጋና ቆላ ሠርቻለሁ። ይህን ውይይት ሳይ ምሳዬን ትቼ ነው መጻፍ የጀመርኩት።

መጀመሪያ ለመጋላው ወንድማችን፦ የድሬዳዋ ዛፍ የተገኘው ከማዳጋስካር ነው። ከዚያ ነው ሙቀት ባለበት ዓለም ሁሉ የተሰራጨው። እዚህ መጥቶ ግን የከተማችንን ስም ወሰደ። ኒምም እንዲሁ፣ ከእስያ የመጣ ነው። ሾላ፣ ዋርካ፣ ሮቃ፣ ቁርቁራ፣ ግራር የዚሁ አፈር ናቸው። ሁሉም ይመዘገቡ፤ ከየት እንደመጡ ብቻ አብሮ ይጻፍ።

አሁን ስለ መለካት። "ስንት ሰው አቀፈው" የሚለው ለወሬ ጥሩ ነው፣ ለመዝገብ ግን የሰው ክንድ እኩል አይደለም። መሣሪያ አያስፈልግም። ሲባጎና የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል።

ግንዱን ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ከፍታ ላይ በሲባጎ ዙሩት። በዓለም ሁሉ ደን የሚለካው በዚያ ቁመት ነው፣ ደረት ላይ ማለት ነው። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ከላይኛው በኩል ቁሙ። ሲባጎው እንዳይላላ፣ እንዳይጣመም። ከዚያ ሲባጎውን መሬት ላይ ዘርግታችሁ በሜትር ለኩት። ያገኛችሁት ዙሪያው ነው። ውፍረቱን ከፈለጋችሁ ለ3.14 አካፍሉት። 6 ሜትር ከ28 የዞረ ግንድ ከዳር እስከ ዳር 2 ሜትር ይሆናል። ከዚያ ከፍታ በታች ለሁለት የተከፈለ ግንድ ከሆነ ደግሞ ከመከፈሉ በታች ቀጭኑ ቦታ ላይ ለኩና የለካችሁበትን ቁመት ጻፉ።

ቁመቱን ድሬ ላይ መለካት እንደ ቀላል ነው፣ ምክንያቱም ፀሐይ አለን። ከጠዋቱ 3 ሰዓት አካባቢ ሜዳ ላይ ቆማችሁ የራሳችሁን ጥላ ለኩ። የጥላችሁ ርዝመት ከቁመታችሁ እኩል የሆነባት ደቂቃ አለች። በዚያች ደቂቃ የዛፉም ጥላ ከዛፉ ቁመት እኩል ነው። ከግንዱ መሐል እስከ ጥላው ጫፍ ለኩ። አለቀ።

ስፋቱን ደግሞ ከቅርንጫፉ ጫፍ ሥር ተነስታችሁ በግንዱ በኩል እስከ ማዶው ጫፍ ለኩ። አንዴ በሰፊው በኩል፣ አንዴ በጠባቡ። ደምሩና ለሁለት አካፍሉት።

▪ የከዚራ ልጅ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6፡55

ወንድሜ እጅህ ይባረክ። ግን ዋናው ጥያቄዬ ዕድሜው ነበር። የአክስቴ ልጅ ዛሬም በስልክ እየጠየቀችኝ ነው። ዙሪያውን ከለካን ዕድሜውን ማስላት አይቻልም?

▪ ጥድና ወይራ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 7፡30

በቀጥታ አይቻልም። በረዶ ባለበት አገር ዛፍ በብርድ ወራት እድገቱን ያቆማል። ስለዚህ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይወጣል፣ ቀለበቱን መቁጠር ነው። የኛ ዛፎች እንደዚያ አይደሉም። እኛ ጋ በልግም ክረምትም ይዘንባል። አንዱ ዛፍ በዓመት ሁለት ቀለበት ያወጣል፣ ሌላው ምንም የሚታይ አያወጣም። ሾላና ዋርካ ላይ በቀለበት ዕድሜ መቁጠር የሚታመን አይደለም። ደግሞ አሮጌ ዛፍ ብዙ ጊዜ መሐሉ ባዶ ነው፤ የጥንቱ እንጨት በስብሶ ሄዷል።

ውፍረትም ያታልላል። ወንዝ ዳር የበቀለ ሾላ በ60 ዓመት የሚደርስበትን፣ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ያለ ሮቃ በ150 ዓመትም ላይደርስበት ይችላል።

▪ የሽመንደፈር ጡረተኛ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡15

ልጆቼ እንደምን አመሻችሁ። የልጅ ልጄ ናት አንብባልኝ የምትጽፍልኝ።

የዛፍ ዕድሜ የሚጠየቀው ሰውን ነው። "ስንት ዓመቱ ነው?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ ማንም አያውቅም። "እንዲህ የሆነ ጊዜ ዛፉ ምን ያህል ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። ሰው ቁጥር ይረሳል እንጂ የሆነበትን አይረሳም።

የድሬ መለኪያዎች እነዚህ ናቸው። ባቡሩ የገባበት፣ 1895። ጣሊያን የገባበት፣ 1928። የሶማሊያ ጦር ከተማዋን ያጠቃበት፣ ነሐሴ 1969። ጎርፉ፣ ሐምሌ 1998። ሽማግሌ ስታገኙ "ጣሊያን ሲገባ አባትዎ ስለዚህ ዛፍ ምን ይሉ ነበር? ፍሬ ይሰጥ ነበር? ሰው ይሰበሰብበት ነበር?" በሉ።

እኔ የተወለድኩት በ1941 ነው። ባቡር ላይ የገባሁት በ1960። የከዚራው ልጅ ያልከውን ሾላ አውቀዋለሁ። ከፈረቃ ስንወጣ ሥሩ ቁጭ ብለን የደሞዝ ቀን ዕዳ እንተሳሰብ ነበር። ደሞዝ ባልደረሰበት ቀንም ቁጭ እንል ነበር። በ1969 ጦርነት ጊዜ የ28 ዓመት ጎረምሳ ነኝ። ዛፉ ያኔም ግንዱ ለአራት ሰው መደገፊያ ይሆን ነበር። ከኔ በፊት የነበሩት፣ ጣሊያንን ያዩት አሮጌ ሠራተኞች፣ "እኛም እንዲህ ሆኖ ነው ያገኘነው" ይሉን ነበር። ስለዚህ ከመቶ በላይ ነው በላት ለአክስትህ ልጅ። ከዚያ በላይ ግን አልዋሽም።

▪ የከዚራ ልጅ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡22

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ደውዬ ነገርኳት። መዝገቡ ላይ "ማን አስታወሰ" የሚል መስመር ጨምሬያለሁ፣ በእርስዎ ምክንያት።

▪ የጀጎል ልጅ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡00

ከሐረር ነኝ። አንድ ነገር ልናገር፣ በደንብ ስሙኝ።

ጀጎል ውስጥ ቤቱ ተጠጋግቶ ነው ያለው። ትልቅ ዛፍ የሚበቅልበት ቦታ ብዙ አይደለም። ቅጥሩ ውስጥ ትልቅ ዛፍ ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ወይ መስጊድ ግቢ ነው፣ ወይ አዋች ነው፣ ወይ መቃብር ነው። ዩኔስኮ ከተማችንን በሐምሌ 1998 ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 አዋቾች እንዳሉ ጽፏል። አዋች ስንል የአባቶቻችን፣ የወልዮቹ ቦታ ነው። አንዱ ነጭ ቀለም የተቀባ ጉልላት አለው። ሌላው ዛፍና ድንጋይ ብቻ ነው። ባዳ ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል። እኛ ግን ዝቅ ብለን ሰላም ብለን ነው የምናልፈው።

እናቴ ከእንደዚያ ዓይነት ዛፍ ሥር የወደቀ ደረቅ እንጨት እንኳ ለማገዶ አታነሳም። ማንም አልከለከላትም። ከእናቷ ያየችው ነው። እነዚያ ዛፎች ዛሬ ድረስ የቆሙት በሕግ አይደለም፤ እንዲህ ባሉ እናቶች ነው።

እና ምን ልላችሁ ነው? የአዋች ዛፍ ሄዳችሁ ሲባጎ ከማዞራችሁ በፊት ሙሪዱን፣ ማለትም ቦታውን የሚጠብቁትን አባት፣ ፈቃድ ጠይቁ። ጫማ ማውለቅ ካለ አውልቁ። ፎቶ አይነሳም ካሉ አታንሱ። ስልካቸውን ዘርግተው ሰላምታ ሳይሰጡ የሚገቡ ሰዎች አይቻለሁ፣ ልቤ ነው የሚደማው።

▪ የከዚራ ልጅ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡18

እህቴ ልክ ነሽ። ቃል እገባለሁ። የአዋች ዛፍ መዝገብ ውስጥ የሚገባው ጠባቂው ፈቅደው፣ እሳቸው የነገሩን ብቻ ተጽፎ ነው። ቦታውም ሰፈሩ ብቻ ይጻፋል።

▪ ሳቢያን 02 | እሑድ፣ ከጠዋቱ 2፡40

ዛፍ እወዳለሁ። ግን የኔንም ችግር ስሙ። ከአጥሬ ውጭ ያለው ዋርካ ሥሩ አጥሬን ሰንጥቆታል። ሽንት ቤቱ በኩልም መጥቷል። ይቆረጥ ብዬ ስናገር ሰፈሩ ሁሉ ጠላኝ። በቤቱ ያልደረሰበት ሰው ሊፈርድብኝ አይገባም። ምን ላድርግ?

▪ ጥድና ወይራ | እሑድ፣ ከጠዋቱ 3፡25

ወንድሜ ማንም ሊፈርድብህ አይገባም። የዋርካና የሾላ ሥር ኃይለኛ ነው፣ ድንጋይ ይከፍታል። እውነተኛ ችግር ነው ያለብህ።

መጀመሪያ የምጠይቅህ፦ አጥሩ አጠገብ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አለ? ሥር ውኃ ያለበት ቦታ ነው የሚበዛው። የሚያፈስ ቧንቧ ወይም የተሰነጠቀ ጉድጓድ ካለ ዛፉን እየጋበዝከው ነው። እሱን አስጠግን።

ሁለተኛ፣ ሥሩን ከግንዱ ሥር እንዳታስቆርጥ። አብዛኛው የዛፍ ሥር ያለው ከላይኛው 1 ሜትር አፈር ውስጥ ነው፣ ወደ ጎን ደግሞ ከቅርንጫፉ ጫፍ አልፎ ይሄዳል። በአንድ ወገን ወፋፍራሙን ከቆረጥከው ዛፉ በዚያ በኩል መያዣ አጣ ማለት ነው። ንፋስ ሲመጣ የሚወድቀው የት እንደሆነ አስበው። አጥሩን በዚያች ቦታ ከፍተህ፣ ከሥሩ በላይ በኩል ድልድይ መሰል ማገር አድርገህ ማለፍ ይቻላል። ሥራ የሚያውቅ ግንበኛ ይሠራዋል።

ለሌሎቻችሁም፦ አሮጌ ዛፍ የሚሞተው ብዙ ጊዜ በመጥረቢያ አይደለም። ግንዱ ድረስ በሲሚንቶ ተለስኖ፣ ውኃም አየርም አጥቶ ነው። ሥሩ ቆሻሻ እየተቃጠለበት፣ ቅርፊቱ ተልጦ ነው። ቅርፊትና ከሥሩ ያለው ስስ ሽፋን ነው ሕይወቱ። መሐሉ ባዶ የሆነ ዛፍ አይታችሁ "ይሄ ሞቷል" አትበሉ። የመሐሉ እንጨት ድሮም የሞተ ክፍል ነው። ዳሩ ደህና ከሆነ ገና ብዙ ዘመን ይቆማል።

▪ ሳቢያን 02 | እሑድ፣ ከጠዋቱ 4፡02

ቧንቧው አዎ ያንጠባጥባል። ስድስት ወር ሆኖታል። ነገ ቧንቧ ሠሪ እጠራለሁ።

▪ የደቻቱ ልጅ | እሑድ፣ ከቀኑ 5፡15

ትልቅ ዛፍ ብቻ ነው የሚመዘገበው?

እኔ የማስመዘግበው ቁርቁራ ነው። ግንዱን አንድ ሰው ያቅፈዋል። በ1998ቱ ጎርፍ ሌሊት አጎቴ እዚያ ላይ ነው ያደረው። ውኃው ሲመጣ በሩን ከፍቶ ለመውጣት እንኳ ጊዜ አላገኘም፣ በመስኮት ነው የወጣው። ውኃው እየገፋ ከዛፉ ጋር አላተመው። ያዘው፣ ወጣበት። ቁርቁራ እንዴት እሾህ እንዳለው ታውቃላችሁ። እስኪነጋ አቅፎት ቆየ። ጠዋት ሲያወርዱት ክንዱና ደረቱ በጣም ተበጣጥሶ ነበር። ጎረቤቶቹን አጥቷል። ያቺ ሌሊት በከተማዋ ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደችው።

አጎቴ አሁንም በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ዛፉ ሥር ሄዶ ውኃ ያፈስለታል። በክረምት ውኃ ምን ያደርግለታል አይባልም። ዝም ብለን አብረነው እንሄዳለን።

▪ የከዚራ ልጅ | እሑድ፣ ከቀኑ 5፡40

ይመዘገባል ወንድሜ። ከሁሉ በፊት ይመዘገባል።

▪ ከሩቅ ያለች | እሑድ፣ ከቀኑ 9፡05

የምኖረው አሜሪካ ነው፣ ልቤ ግን እዚያው ድሬ፣ ግሪክ ካምፕ ሰፈር ነው። ይህን ሳነብ አልቅሻለሁ።

እዚህ አሜሪካን ፎረስትስ የሚባል ማኅበር በ1940 እ.ኤ.አ. የጀመረው የትልልቅ ዛፎች መዝገብ አለ። ከየዓይነቱ ትልቁን "ሻምፒዮን" ይሉታል። ነጥብ ይሰጡታል፦ የግንዱ ዙሪያ በኢንች፣ ሲደመር ቁመቱ በጫማ፣ ሲደመር የስፋቱ ሩብ በጫማ። የሚገርመው ጥቆማውን የሚልከው ማንኛውም ሰው ነው። ገበሬው፣ ተማሪው፣ ጡረተኛው። ሰዎች እሑድ እሑድ ሜትር ይዘው ዛፍ ፍለጋ ይወጣሉ። የሌላ ሰፈር ሰው ከነሱ የሚበልጥ ሲያገኝ ተመልሰው ሌላ ይፈልጋሉ። ልጆች በዚያ ዛፍ መለየት ይማራሉ። እኛም ብንሞክረውስ?

▪ የጀጎል ልጅ | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡10

ሐሳቡ መልካም ነው እህቴ። ልጆች ይወዱታል። ግን በነጥብ ከሄድን የደቻቱ ቁርቁራ የመጨረሻ ነው የሚወጣው። የኛ አዋች ዛፎችም በውድድር የሚቀመጡ አይደሉም። ልኩ ይጻፍ፣ ደረጃ ግን አይሰጥ። እኔ የምለው ይሄን ነው።

▪ ከሩቅ ያለች | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡25

እሺ፣ ተቀብያለሁ። ልክ ነሽ።

▪ ማሽላ እርሻ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡00

ከሐረማያ ወዲያ ነው አገሬ። ከተማ ውስጥ ያለውን ብቻ እንዳትጽፉ። የአባቴ እርሻ መሐል አራት ትልልቅ ገርቢ አሉ። ገርቢ ከዛፍ ሁሉ ተቃራኒ ነው። ክረምት ገብቶ ሌላው ሲለመልም እሱ ቅጠሉን ያራግፋል። በበጋ ሌላው ሲደርቅ እሱ አረንጓዴ ነው። ስለዚህ ማሽላው ሲበቅል ፀሐይ አይከለክለውም፣ የረገፈው ቅጠል ደግሞ መሬቱን ያዳብራል። ከሥሩ ያለው ማሽላ ከሌላው ቦታ ቀድሞ ይጠቁራል፣ አገዳውም ይወፍራል። አባቴ "እነዚህ አራቱ የኔ በሬዎች ናቸው" ይላል። አያቴም አልቆረጠም፣ አባቱም አልቆረጠም።

▪ እናት ነኝ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡35

ልጄ የ7 ዓመት ናት። ውይይቱን እያነበብኩላት ሳለ "ሾላ ፍሬ አለው፣ አበባው ግን የት ነው?" አለችኝ። እኔም አይቼ አላውቅም። የሚያውቅ ካለ ንገሩልኝ፣ እስካሁን አልተኛችም።

▪ ጥድና ወይራ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡50

ልጅሽን አድንቂልኝ። አበባው ፍሬ ብለን የምንበላው ውስጥ ነው። አንዱን ሾላ ገና ሳይበስል ሁለት ላይ ክፈቺላት፤ ውስጡ በጥቃቅን አበቦች የተሞላ ነው። ከጤፍ ብዙም የማትበልጥ ተርብ አለች፣ በፍሬው አናት ባለች ቀዳዳ ገብታ አበቦቹን ታራክባለች፣ እንቁላሏንም እዚያው ትጥላለች። ተርቧ ያለ ዛፉ አትራባም፣ ዛፉም ያለ እሷ ዘር አይሰጥም።

ደግሞ ሾላ ሁሉም በአንድ ወር አያፈራም። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይጀምራል። ስለዚህ ሌላ ፍሬ በማይኖርበት ጊዜም ወፉ፣ ዝንጀሮው፣ የሌሊት ወፉ የሚበላው አያጣም። አንድ አሮጌ ሾላ ሲቆረጥ ስንት ነገር አብሮ እንደሚሄድ ከዚህ ገምቱት። ዘኬዎስ የወጣበት ዛፍም ይኸው ሾላ ነው በያት፣ ለአጭር ሰው የሚመች ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ አለው።

▪ የጭሮ ሰው | እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡30

ሾላን እኛ ኦዳ ነው የምንለው። ምዕራብ ሐረርጌ ኦዳ ቡልቱም አለ። የኢቱና የሁምበና ኦሮሞ አባቶች በገዳ ሥርዓት ተሰብስበው ሕግ የሚደነግጉበት ቦታ ነው። ኦዳ ሥር ውሸት አይነገርም፣ ነገርም በጉልበት አይቆረጥም። ገዳን ዩኔስኮ በ2016 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። ድሬ ውስጥ ኦዳ ሥር ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሲያስታርቁ ካያችሁም ያ ከዚሁ የመጣ ነው።

▪ የከዚራ ልጅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 12፡45

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በሁለት ቀን 23 ዛፍ ደርሶኛል፣ በውስጥ መስመር የላካችሁልኝን ጨምሮ። ከሮቃው እንጀምር ብያለሁ። ሮቃ ሥር እማማን ጠይቋቸው "ኑ፣ ቡና አለ" ብለዋል። የፊታችን እሑድ ከጠዋቱ 2፡30። ጥድና ወይራ ይመጣል። ጋሼን የልጅ ልጃቸው በባጃጅ ታመጣቸዋለች። ሲባጎ እኔ እይዛለሁ።

▪ ሮቃ ሥር | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡20

ስኳር ይዛችሁ ኑ፣ እማማ ሮቃ ሊዘፈዝፉ ነው።

▪ የከዚራ ልጅ | እሑድ፣ ከቀኑ 8፡10

አሁን ተመለስኩ። 14 ሰው ነበርን። የ7 ዓመቷም ልጅ መጥታ ሲባጎውን የያዘችው እሷ ናት። ጋሼ እንደደረሱ ግንዱን በመዳፋቸው ሁለት ሦስቴ መታ መታ አደረጉት፣ እንደ ድሮ ጓደኛ። ጥላችን ከቁመታችን እኩል እስኪሆን ቡና እየጠጣን ጠበቅን። ሦስተኛው ሳይደርስ ደረሰ፣ ሁላችንም ስኒያችንን አስቀምጠን ሮጥን። እማማ በሕይወታቸው ዛፋቸውን የለካ ሰው አይተው አያውቁም። ቁጥሩ ሲነገራቸው "ከፍ አድርጋችሁ ንገሩኝ" አሉ፣ ደግመን ነገርናቸው።

መዝገቡ እንዲህ ተጀመረ።

ቁጥር 1። ሮቃ። ገንደ ሮቃ፣ በመኖሪያ ግቢ ውስጥ።
የግንዱ ዙሪያ 4 ሜትር ከ40፤ ውፍረቱ 1 ሜትር ከ40።
ቁመት 16 ሜትር።
የጥላው ስፋት በሰፊው 21፣ በጠባቡ 17፣ አማካይ 19 ሜትር።
ሁኔታ፦ በምሥራቅ በኩል መሐሉ ባዶ ነው፣ ዳሩ ደህና ነው፣ ዘንድሮም አፍርቷል። ግንዱ ላይ የነበሩ ሁለት ሚስማሮች ተነቅለዋል።
ማን አስታወሰ፦ የግቢው ባለቤት እማማ። እናታቸው ጣሊያን ሲገባ ልጅ ሆነው ከዚህ ዛፍ ፍሬ ይለቅሙ እንደነበር ነግረዋቸዋል።
ስም፦ እማማ "ሽማግሌው" ይሉታል።

ቁጥር 2 የደቻቱ ቁርቁራ ነው። አጎቱ ራሳቸው ሊያስለኩን ፈቅደዋል። የሚቀጥለው እሑድ፣ ከጠዋቱ 2፡30። እሾህ ስላለው ረጅም እጅጌ ልበሱ።